ቶዮታ፦ ከመሸመኛ ፋብሪካ የወጣ የመኪና ስም

የቶዮታ ኩባንያ አመጣጥ ከሽመና ሙያ ጋር የተያያዘ ነው። የቤተሰቡን ስም በኢንዱስትሪ ዓለም ያስጠራው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 ዛሬ የኮሳይ ከተማ አካል በሆነች የማዕከላዊ ጃፓን መንደር ከአናጢ አባት ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በሳኪቺ ልጅነት በአካባቢው ጥጥ ይመረት ነበር፤ በየቤቱም ሴቶች በእንጨት መሸመኛ ሲደክሙ ይውሉ ነበር። ልጁ የአባቱን የእንጨት ሙያ ተማረ፤ ሐሳቡ ያረፈው ግን ይህን ድካም ማቅለል ላይ ነበር። በ1891 በእጅ ለሚሠራ የተሻሻለ መሸመኛ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ መሸመኛ ሠራ።

ከሳኪቺ ሥራዎች ሁሉ ለኋለኛው የመኪና ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው በ1924 የተጠናቀቀው «ዓይነት ጂ» የተባለው አውቶማቲክ መሸመኛ ነው። ይህ ማሽን ማጉ ሲያልቅ ሥራውን ሳያቋርጥ መወርወሪያውን ራሱ ይለውጣል፤ የድሩ ክር ሲበጠስ ግን ወዲያው ይቆማል። በቀድሞዎቹ ማሽኖች ክር ተበጥሶ ማንም ሳያየው ብዙ ክንድ ጨርቅ ተበላሽቶ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ በየማሽኑ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። በአዲሱ መሸመኛ አንድ ሠራተኛ በርካታ ማሽኖችን ብቻውን መቆጣጠር ቻለ። ብልሽት ሲፈጠር ሥራው እዚያው ይቁም፣ የተበላሸው ወደሚቀጥለው እጅ አይለፍ የሚለው ሐሳብ በኋላ የመኪና ፋብሪካዎቹ ደንብ ሆነ። ኩባንያው መልካም ስም ያተረፈው ይህን ደንብ ሲያከብር ነው፤ ስሙ የጎደፈውም ደንቡን በዘነጋባቸው ዓመታት ነው።

መሸመኛዎቹን የሚያመርተው ኩባንያ በ1926 በካሪያ ከተማ ተቋቋመ። በ1929 በዘመኑ በሽመና ማሽን ሥራ የገነነው የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ «ዓይነት ጂ»ን የማምረት መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። የእንግሊዝን ማሽን እየገዛ ለኖረ አገር ይህ ትልቅ ክብር ነበር። ሳኪቺ በቀጣዩ ዓመት ዐረፈ። የመኪናው ሥራ የተጀመረው በዚህ ገንዘብ እንደሆነ በሰፊው ይተረካል፤ በተግባር ግን ከባዱን ወጪ ለዓመታት የተሸከመው የመሸመኛው ኩባንያ ካዝና ነው።

የሳኪቺ ልጅ ኪቺሮ ቶዮዳ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምሕንድስና የተማረ ሲሆን በመሸመኛው ሥራም የአባቱ ቀኝ እጅ ነበር። በእሱ የወጣትነት ዘመን በጃፓን መንገዶች ላይ የሚታዩት መኪኖች በብዛት የአሜሪካ ነበሩ። በ1923 ቶኪዮንና አካባቢዋን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የባቡርና የትራም መስመሮችን ሲበጣጥስ፣ የከተማው አስተዳደር ከፎርድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሻሲዎችን አስመጥቶ አውቶቡስ አደረጋቸው። ፎርድ በ1925 በዮኮሃማ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1927 በኦሳካ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈቱ። አንድ የሽመና ማሽን አምራች ከእነዚህ ጋር ልወዳደር ማለቱ ለብዙዎች እብደት ነበር። ኪቺሮ ግን በ1933 በመሸመኛው ኩባንያ ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋመ። አንድ ሸቭሮሌ ተገዝቶ ብሎን በብሎን ተፈታ፤ እያንዳንዱ ክፍል ተለክቶ በወረቀት ላይ ተነደፈ። ለመሸመኛ ብረት ማቅለጥ የለመዱት ሠራተኞች የሞተር ብሎክ ለማውጣት ሲሞክሩ ብዙ ብረት ተበላሸባቸው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የመጀመሪያ ሞተር የተጠናቀቀው በ1934 ነው።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መኪና በ1935 መጨረሻ የወጣው ጂ1 የተባለ የጭነት መኪና ነበር፤ እሱም በየመንገዱ ይቆም ነበር። የኋላ አክሱል ይሰበራል፣ መሪው ያስቸግራል፣ የተሸጠው መኪና በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ከጄኔራል ሞተርስ የጃፓን ቅርንጫፍ የመጣው የሽያጭ ኃላፊ ሾታሮ ካሚያ በዚህ ጊዜ የያዘው አካሄድ የኩባንያው የረጅም ዘመን ጠባይ ሆኗል፦ መኪናው በተበላሸበት ቦታ ሁሉ በፍጥነት መድረስ፣ ያለ ክፍያ መጠገን፣ የተሰበረውን ክፍል ወደ ፋብሪካ ወስዶ ምክንያቱን መመርመርና ንድፉን ማረም። ኪቺሮ ራሱም ልብሱ በቅባት እስኪበላሽ ከሥር ገብቶ ያይ ነበር። በ1936 ኤኤ የተባለችው የቤት መኪና ወጣች። በዚያው ዓመት የጃፓን መንግሥት የመኪና ምርትን በፈቃድ የሚገድብ ሕግ ሲያወጣ ፈቃድ ካገኙት አንዱ የቶዮዳ ድርጅት ሆነ፤ በወታደራዊው አገዛዝ ግፊት የተዳከሙት ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራቸውን አቆሙ። ያለዚህ ከለላ የኪቺሮ መኪና በሕይወት መቆየቱ ያጠራጥራል።

አዲስ የንግድ ምልክት ለመምረጥ በ1936 ለሕዝብ በቀረበ ውድድር 27,000 ያህል ሐሳቦች ቀረቡ፤ ከቤተሰቡ ስም በአንድ ድምፅ የምትለየው «ቶዮታ» ተመረጠች። በ1937 የመኪናው ክፍል ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በኮሮሞ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ከተማዋ በ1959 የራሷን ስም ትታ ቶዮታ ተብላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ፋብሪካው ለሠራዊቱ የጭነት መኪና ሲሠራ ቆየ። ብረት እየጠፋ ሲሄድ መኪኖቹም እየተራቆቱ ሄዱ። ጃፓን እጅ መስጠቷ ከመታወጁ አንድ ቀን በፊት የፋብሪካው ክፍል በቦምብ ተመታ።

ከሽንፈቱ በኋላ የመጣው ፈተና ከቦምቡ የከፋ ነበር። በ1949 የአሜሪካ አስተዳደር በጃፓን ላይ የጣለው የገንዘብ ቁጠባ ፖሊሲ የዋጋ ንረቱን ሲገታ ገበያውንም አደረቀው። ቶዮታ የሸጠውን መኪና ገንዘብ መሰብሰብ፣ ደመወዝ መክፈል አቃተው። የባንኮች ኅብረት ከውድቀት አድኖታል፤ በምላሹ ግን የሽያጩ ሥራ ከማምረቻው ተለይቶ ሌላ ኩባንያ እንዲሆንና ሠራተኛ እንዲቀነስ ጠየቀ። ኪቺሮ ማንንም ከሥራ እንደማያሰናብት ለሠራተኞቹ ቃል ገብቶ ነበር። 1,600 ሰዎች እንዲሰናበቱ ሲወሰን ማኅበሩ የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ ክርክሩ ለሁለት ወር ያህል ቀጠለ። በሰኔ 1950 ኪቺሮ ኃላፊነቱን ወስዶ ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ፤ ቅነሳውም ተፈጸመ። በዚያው ወር የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። የአሜሪካ ጦር ከቶዮታ የጭነት መኪና በብዛት ማዘዝ ጀመረ፤ ሊሞት የነበረ ኩባንያ በጎረቤት አገር ጦርነት ነፍስ ዘራ። ኪቺሮ ወደ ቦታው ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ በ1952 በ57 ዓመቱ ዐረፈ። የሠራው መኪና በዓለም ዙሪያ ሲነዳ አላየም።

ከዚህ ቀውስ የወጡት ሰዎች ዳግም በማይሸጥ መኪና ላይ ገንዘብ ላለማሰር ቆረጡ። የኪቺሮ የአጎት ልጅ ኤይጂ ቶዮዳ በ1950 ወደ አሜሪካ ሄዶ የፎርድን ግዙፍ የሪቨር ሩዥ ፋብሪካ ጎበኘ። ፎርድ አንድን ክፍል በብዙ ሺህ አምርቶ ያከማቻል፤ ቶዮታ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም፣ መጋዘንም፣ ገበያም አልነበረውም። ከሽመናው ኩባንያ ወደ መኪናው የተዛወረው ታይቺ ኦኖ የሚባል የፋብሪካ ኃላፊ መልሱን ከሌላ አቅጣጫ አገኘው። በአሜሪካ የገበያ አዳራሾች ደንበኛው የሚፈልገውን ከመደርደሪያ ያነሣል፣ መደርደሪያው የሚሞላውም የተነሣው ያህል ብቻ ነው። ኦኖ ይህን አሠራር ወደ ፋብሪካ አስገባው፦ የመገጣጠሚያው ክፍል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ከቀደመው ክፍል ይወስዳል፤ የተወሰደውን መጠን የሚገልጽ ካርድ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካርድ ያልመጣለት ክፍል አያመርትም። ኪቺሮ ከጦርነቱ በፊት የተመኘው በልክና በሰዓቱ የማምረት ሐሳብ በዚህ መንገድ ተግባር ሆነ።

ክምችት በሌለበት ፋብሪካ ግን አንድ ብልሹ ክፍል መስመሩን ሁሉ ያቆማል። ስለዚህ የመሸመኛው ደንብ ግድ ሆነ። ማሽኖቹ ስሕተት ሲያገኙ ራሳቸው እንዲቆሙ ተደረገ፤ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ደግሞ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ሲሳብ መብራት ይበራል፣ አለቃው ይመጣል፣ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ምክንያቱን ለማግኘትም «ለምን?» የሚለው ጥያቄ እስከ አምስት ጊዜ እየተደጋገመ ይጠየቃል። በሌሎች ፋብሪካዎች መስመር ማቆም ከሥራ የሚያስባርር ጥፋት በነበረበት ዘመን ለተራ ሠራተኛ ይህን ሥልጣን መስጠት ድፍረት የሚጠይቅ ውሳኔ ነበር። የቶዮታ ጥራት ምሥጢር ብዙ ተጽፎበታል፤ ከሁሉም ግን ክብደት ያለው ይህ ነው።

በዚሁ ጊዜ ኩባንያውን በዓለም የሚያስጠራው መኪና ተወለደ። በ1951 ለጃፓን የፖሊስ ኃይል በወጣ ጨረታ ላይ ቶዮታ በጭነት መኪና ሻሲ ላይ ትልቅ ሞተር ገጥሞ በአራት ጎማ የሚነዳ ቢጄ የተባለ መኪና አቀረበ። በሐምሌ ወር አንድ የሙከራ ሾፌር መኪናውን የፉጂን ተራራ አስወጥቶ ስድስተኛው የመውጫ ጣቢያ አደረሰው፤ ከዚያ በፊት እዚያ የደረሰ መኪና አልነበረም። ይህን ያዩ የፖሊስ ኃላፊዎች 289 መኪኖች አዘዙ። መኪናው መጀመሪያ የተጠራበት «ጂፕ» የሚለው ስም የአሜሪካ ኩባንያ ንብረት በመሆኑ በ1954 ላንድ ክሩዘር ተባለ።

በውጭ ገበያ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ግን ውርደት ነበር። በ1957 በካሊፎርኒያ የሽያጭ ኩባንያ ተቋቁሞ በቀጣዩ ዓመት ክራውን የተባለችው የቤት መኪና ቀረበች። በጃፓን ኮረኮንች መንገድ ላይ ጠንካራ የተባለችው ክራውን በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ሞተሯ ይግላል፣ ስትፈጥን ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሳታል። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጡት 287 ብቻ ነበሩ። በ1960 የቤት መኪና መላክ ተቋረጠ፤ ሻጮቹን በሕይወት ያቆየው ላንድ ክሩዘር ነው። መሐንዲሶቹ ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። በ1965 ለአሜሪካ መንገድ ተብላ የተሠራች አዲስ ኮሮና ይዘው ሲመጡ ገበያው ተቀበላቸው።

ተመሳሳይ ትምህርት ከአውስትራሊያም ተገኝቷል። የስኖዊ ተራሮች የውኃ ኃይል ግንባታ ላይ የተሰማራው የቲስ ወንድማማቾች ድርጅት በ1950ዎቹ መጨረሻ ላንድ ክሩዘሮችን አስገባ። በጭቃ፣ በድንጋይና በበረዶ ያለ ዕረፍት የሚነዱት መኪኖች በየጊዜው ይሰበሩ ነበር። ቶዮታ መሐንዲሶቹን ወደ ግንባታው ቦታ ላከ፤ የተሰበረውን እያዩ ክፍሎቹን አጠናከሩ። ዛሬ የላንድ ክሩዘር ጥንካሬ ከተፈጥሮው የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ያ ጥንካሬ ግን በእንዲህ ያሉ ቦታዎች በስብራት ብዛት የተገኘ ነው።

በ1966 የወጣችው ኮሮላ ቶዮታን ከመካከለኛ አምራችነት ወደ ታላላቆቹ ተርታ አወጣችው። ዋና መሐንዲሷ ታትሱኦ ሃሴጋዋ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። ተፎካካሪዋ የኒሳን ሳኒ 1,000 ሲሲ ሞተር ስትይዝ ኮሮላ 1,100 ሲሲ ይዛ መጣች፤ በማስታወቂያም ይህቺ ልዩነት ደጋግማ ተነገረች። ዕቅዱ ተራው የጃፓን ቤተሰብ የሚገዛው፣ የማያሳፍርና የማያስቸግር መኪና ማቅረብ ነበር። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ሲንር አነስተኛ ፍጆታ ያላቸው የጃፓን መኪኖች በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈላጊ ሆኑ። ኮሮላ በ1997 የቮልስዋገን ቢትልን ሽያጭ አልፋ በዓለም ብዙ የተሸጠች መኪና ስትሆን፣ በ2021 ሽያጯ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

ከኮሮላ በኋላ በ1967 የወጣው ሃይስ ሚኒባስ፣ በ1968 የወጣው ሃይሉክስ ፒክአፕና በ1984 የወጣው የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ የአፍሪካን መንገዶች ያዙ። የ70 ተከታታይ ዲዛይን በዚያ ዘመን እንኳን አዲስ የሚባል አልነበረም፦ ወፍራም ሻሲ፣ ድፍን አክሱል፣ ከኋላ ባሌስትራ። በ1990 የተጨመረለት 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦም ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያም የለውም፤ ንጽሕናው የጎደለ ናፍጣ ይችላል፤ ከከተማ ርቆ በተራ መፍቻ ይፈታል። በድርቅ፣ በስደትና በወረርሽኝ ቦታዎች ሁሉ የሚታየው ነጩ ላንድ ክሩዘር ለተባበሩት መንግሥታትና ለረድኤት ድርጅቶች የተመረጠው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። በጅብራልታር ያለ አከፋፋይ ሥራው በሙሉ እነዚህን መኪኖች ለየአገሩ አስተካክሎ መላክ ነው።

ይኸው ጥንካሬ ለጦር መሣሪያም ተፈለገ። በ1987 ሊቢያ ይዛው በነበረው የቻድ ሰሜናዊ ክፍል የቻድ ኃይሎች ፀረ ታንክ ሚሳይል የጫኑ የቶዮታ ፒክአፖችን ይዘው በፋዳና በዋዲ ዱም የሊቢያን ታንኮች ደመሰሱ፤ የዚያ ምዕራፍ ውጊያ በታሪክ መጻሕፍት «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ ይጠራል። በሶማሊያ፣ በሱዳንና በሌሎችም አገሮች መትረየስ የተጠመደባቸው ፒክአፖች ከዚያ ወዲህ የሚሊሻ መለያ ሆነዋል። በዚያው መኪና እርጉዝ ሴት ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች፣ ክትባት ገጠር ይደርሳል፣ በዚያው ተጭኖም መንደር ይቃጠላል። ኩባንያው ይህን አልፈለገውም፤ ከስሙ ሊነጥለውም አልቻለም።

በኢትዮጵያ ቶዮታ ያገኘው ቦታ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ይጠልቃል። በ1959 የተቋቋመው ሞኤንኮ ለረጅም ዘመን ወኪል ሆኖ አዲስ መኪና ሲሸጥና ሲጠግን ኖሯል። ስሙን በሕዝብ ልብ ያስገባው ግን ከወኪሉ ውጭ ያለው ሰፊ ገበያ ነው። በ1980ዎቹ የተሠራችው ኮሮላ ዲኤክስ በአሥርት ዓመታት ዕድሜዋ ሁሉ ዋጋዋን ጠብቃ ትሸጣለች፤ የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ በአብዛኛው ሃይስ ነው፤ አዲሱን ቅርጹን ሕዝቡ «አባዱላ» ብሎ ሰይሞታል። ቪ ኤይት የተባለው ላንድ ክሩዘር የባለሥልጣን ምልክት እስከ መሆን ደርሷል።

ትንሿ ቪትዝ እንዲህ የበዛችበት ምክንያት ደግሞ በታክስ ሕጉ ውስጥ ይገኛል። ለብዙ ዓመታት እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይከፍል ነበር። የቪትዝ ሞተር ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ይገባል። ያገለገሉት ቪትዞች በዱባይ በኩል ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹ ለጃፓን መንገድ የተሠሩ በመሆናቸው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል። አንድ መኪና ሲበዛ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል፣ መካኒኩ፣ ባትላሜራውና ኤሌትራውቶው ሁሉ ያውቁታል፤ ስለዚህ ገዢው እሱኑ ይመርጣል፣ ምርጫውም መኪናውን የበለጠ ያበዛዋል። የቶዮታ ዋጋ በኢትዮጵያ አለመውደቁ ከፋብሪካው ጥራት እኩል በዚህ ዑደት የተደገፈ ነው፤ መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን ቆርቆሮ ላይ እንዳስቀመጠ የሚቆጥረውም ለዚሁ ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ቶዮታ ከሻጭነት ወደ አምራችነት ተሸጋገረ። በ1984 ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ የተከፈተው የጋራ ፋብሪካ የቀጠረው በአብዛኛው ቀድሞ በዚያው ቦታ በጄኔራል ሞተርስ ሥር ሲሠሩ የነበሩትን ሠራተኞች ነው። የቀድሞው ፋብሪካ ከሥራ በመቅረትና በመጥፎ ምርት ስሙ የጠፋ ነበር። እነዚያው ሰዎች መስመር የሚያቆመውን ገመድ ሲይዙ ከጃፓን ፋብሪካዎች ጋር የሚስተካከል ጥራት ማውጣት ቻሉ። ጥራትን የጃፓን ባሕል ውጤት አድርገው ያዩ የነበሩት ተንታኞች በፍሪሞንት ያገኙት ማስረጃ ሌላ ነው። በ1988 የኬንታኪ ፋብሪካ ተከተለ፤ በ1989 የቅንጦት ምልክቱ ሌክሰስ ወጣ። የሌክሰስ የመጀመሪያ መኪኖች በተሸጡ በወራት ውስጥ ጥቃቅን ጉድለቶች ሲገኙ 8,000 ያህል መኪኖች ከየባለቤቶቻቸው ቤት ተወስደው ተጠግነውና ታጥበው ተመለሱ። በ1997 የወጣችው ፕሪየስ ደግሞ ነዳጅና ኤሌክትሪክን ያጣመረ ሃይብሪድ ሞተርን በብዛት በማምረት ቀዳሚ ሆነች።

ከ2000 በኋላ ኩባንያው ከዓለም ገበያ 15 በመቶውን የመያዝ ግብ አስቀመጠ። ፋብሪካዎች በፍጥነት ተከፈቱ፣ አዳዲስ አቅራቢዎች ገቡ፣ ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች አነሱ። በ2008 ጄኔራል ሞተርስን በሽያጭ አልፎ የዓለም አንደኛ ሆነ። በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ ሳንቲ ከተማ አንድ ሌክሰስ መኪና ፍጥነቱን መግታት ሳይቻል ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞቱ፤ በመኪናው ላይ ልኩ ያልሆነ የወለል ምንጣፍ ተነጥፎ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ይዞት ነበር። ቶዮታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለምንጣፉ ጠራ፤ በጥር 2010 ደግሞ ተጭኖ የሚቀር ፔዳል የተገኘባቸውን 2.3 ሚሊዮን መኪኖች ጠርቶ ስምንት ሞዴሎችን ከአሜሪካ ገበያ ለጊዜው አነሣ። የኪቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት ወር በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ኩባንያው ሰውን ከማሠልጠን አቅሙ በላይ በፍጥነት ማደጉን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ።

የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ የተሳተፈበት ምርመራ በ2011 በኤሌክትሮኒክ ክፍሎቹ ላይ ለድንገተኛ ፍጥነት ምክንያት የሚሆን ጉድለት አላገኘም። ይሁን እንጂ በ2014 ቶዮታ ስለ ምንጣፉና ስለ ፔዳሉ ለደንበኞች የተሳሳተ መረጃ መስጠቱን አምኖ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጉድለት በማንኛውም አምራች ላይ ይደርሳል፤ የዚህ ጉዳይ ክብደት ጉድለቱ ታውቆ መስመሩ ሳይቆም መቅረቱ ላይ ነው።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በቶዮታ ቡድን ውስጥ የነበረው የጭነት መኪና አምራች ሂኖ በ2022 በጭስ ልቀት ምርመራ፣ በሙሉ የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በ2023 መጨረሻ በደኅንነት ፍተሻ ላይ ለዓመታት ሲያጭበረብሩ መቆየታቸው ይፋ ሆነ። በጥር 2024 ደግሞ ከሳኪቺ ዘመን ጀምሮ ያለው የመሸመኛ ኩባንያ፣ ዛሬ ቶዮታ ኢንዱስትሪስ የሚባለው፣ የናፍጣ ሞተሮችን የኃይል ልኬት አስተካክሎ ማቅረቡን አመነ፤ ሃይሉክስ፣ ሃይስና ላንድ ክሩዘር 300ን ጨምሮ አሥር ሞዴሎች ለጊዜው ከሽያጭ ታገዱ። በሰኔም ቶዮታ ራሱ በምስክር ወረቀት ፍተሻዎች ላይ ጥፋት ተገኝቶበት በጃፓን የሦስት ሞዴሎች ምርት ቆመ። ከእነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ በድጋሚ ሲፈተሹ መስፈርቱን አልፈዋል። መስፈርቱን የሚያልፍን መኪና በሐሰት ወረቀት ማሳለፍ የጥራት ሥርዓቱ ከምርት ፍጥነት ጋር መታገል እንዳቃተው ያሳያል፤ ይህም ተጭኖ ከሚቀር ፔዳል የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል።

ያም ሆኖ ገዢው አልሸሸም። በ2023 የቶዮታና የሌክሰስ ሽያጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10 ሚሊዮን መኪኖች በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት አኪዮ ቶዮዳ የፕሬዚዳንትነት ሥልጣኑን ለመሐንዲሱ ኮጂ ሳቶ አስረክቦ የቦርድ ሊቀ መንበር ሆነ። ኩባንያው ለሃይብሪድ ቅድሚያ በመስጠቱ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መኪኖች ከቻይና አምራቾች ወደ ኋላ ቀርቷል። በ2022 ያወጣው ቢዜድ4ኤክስም የጎማው ብሎን ሊላላ እንደሚችል በመታወቁ ወዲያው ለእርማት ተጠራ፤ እርማቱም ወራት ፈጀ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል የአገሪቱ የመኪና ገበያ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ፤ በቻይና የሚመረተው ቢዜድ4ኤክስ ከቻይና ምልክቶች ጋር ጎን ለጎን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ መታየት ጀመረ። ከክልከላው በፊት የገቡት ቪትዞች፣ ዲኤክሶችና ሃይሶች በየጋራዡ እየተጠገኑ ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ መተኪያቸው በመጥፋቱም የአሮጌዎቹ ዋጋ ከፍ ብሏል።